የጀርመን ብረትና የኢጣልያ ብረት

በምግብ አዳራሽም ሆነ በመኝታ ቤት የመኪና ወሬ በተነሣ ቁጥር ይግባኝ የሌለው አንድ ፍርድ ይሰማል፤ ይኸውም «ጀርመን ይሠራል፥ ኢጣልያ ያስጌጣል» የሚለው ነው። ከመምህራኖቻችንም መካከል ይኸንኑ ሳይጠራጠሩ የሚናገሩ አሉ። ጀርመናዊ በተፈጥሮው ጥንቁቅ፥ ጣልያን በተፈጥሮው ግዴለሽ ስለ ሆነ የአንዱ መኪና ይቆያል፥ የሌላው ይዝጋል ይባላል። እኔ ይህን ፍርድ የምቃወመው ለኢጣልያ ጥብቅና ለመቆም ብዬ አይደለም፤ ለዚያ የሚያበቃ ምክንያት በታሪካችን ብዙ አላገኝም። የምቃወመው የመኪና ጥንካሬ ከደም የሚወረስ ከሆነ በዚህ ግቢ ምሕንድስና የሚማር ሰው ለምን እንደሚደክም ስለማይገባኝ ነው።

በመጀመሪያ እውነቱን እንመን። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) በ1970ዎቹ የተሠሩ ብዙ የኢጣልያ መኪኖች በዝገት አልቀዋል። በ1972 የወጣው ላንቺያ ቤታ ሞተሩን የሚሸከመው የታችኛው ብረት እየበሰበሰ በማስቸገሩ፥ ኩባንያው በ1980 በብሪታንያ ከገዢዎች እጅ መኪኖችን መልሶ እስከ መግዛት ደርሶ ነበር። በኔፕልስ አጠገብ በፖሚልያኖ ዳርኮ የተሠራው አልፋሱድም እንዲሁ በመንገድ አያያዙ የተመሰገነ፥ በላሜራው የተረገመ መኪና ነበር።

ነገር ግን አልፋሱድን የነደፈው ማን ነበር? ሩዶልፍ ሩሽካ የተባለ ኦስትሪያዊ መሐንዲስ ነው፤ ቀድሞ ከፈርዲናንድ ፖርሽ ጋር በቮልስዋገን ሥራ ላይ የነበረ ሰው። እንግዲህ ዝገቱ ከነዳፊው ደም አልመጣም። ፋብሪካው የተተከለው ሥራ በጠፋበት በደቡብ ኢጣልያ እንጀራ ለመፍጠር ነበር፤ አልፋ ሮሜዮም በዚያን ጊዜ የመንግሥት ንብረት ነበረ። ከተቀጠሩት ብዙዎቹ የፋብሪካ ልምድ አልነበራቸውም፤ የሥራ ማቆም አድማው ተደጋጋሚ ነበር። (ይህን ስል ሠራተኛውን መውቀሴ አይደለም፤ ያደመበት ምክንያት ሌላ ጽሑፍ የሚፈልግ ነው።) በላሜራው ክፍተቶች ውስጥ የተሞላው ስፖንጅ መሰል ነገር ደግሞ ውሃ እየያዘ ብረቱን ከውስጥ በላው። ይህን ሁሉ ትቶ «ጣልያን ስለ ሆኑ ነው» የሚል ሰው መመርመር ሰልችቶታል ማለት ነው።

ወደ ጀርመን እንሻገር። ቮልስ ብለን የምንጠራት መኪና በሜክሲኮ አገር በፑዌብላ ከተማ በ2003 የመጨረሻዋ እስክትሠራ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርታለች። ሞተሯ በአየር ስለሚቀዘቅዝ ራዲያተር የላትም፤ ራዲያተር ከሌለ የሚፈላ ውሃም የሚቀደድ ቱቦም የለም። ፋብሪካው መሠረቷን ሳይነካ ጥቃቅን ጉድለቷን በያመቱ ሲያርም ኖረ። ይህ የትዕግሥት ውጤት ነው። ከጦርነቱ በኋላ በ1945 ያንኑ ፋብሪካ ከፍርስራሽ አንሥቶ ሥራ ያስጀመረው ደግሞ አይቫን ኸርስት የሚባል የእንግሊዝ መኮንን ነበር። ቮልስን እንዲተካ በ1974 የወጣውን ጎልፍ መልክ የሰጠው ጆርጄቶ ጁጃሮ ነው፤ ጣልያን ነው፥ አልፋሱድንም መልክ የሰጠው እርሱ ነው።

የመርሴዲስ ነገር ከሁሉ ይልቅ ያስተምራል። ከ1976 ጀምሮ ለዐሥር ዓመት ያህል የተሠራው ደብልዩ 123 የተባለው ዐይነት ጠንካራ መኪና ነው፤ ይህን መካድ ቅንነት ማጣት ነው። ታዲያ ያው ኩባንያ በ1995 ያወጣው ደብልዩ 210 በዝገቱ ስሙ የጠፋ ሆነ። በሃያ ዓመት ውስጥ የጀርመኖች ደም ተለወጠን? የተለወጠው የወጪ ሒሳቡና የቀለም አቀባቡ ነው። በ2015 ስለ ተጋለጠው የቮልስዋገን የናፍጣ ጭስ ማጭበርበር አላነሣም፤ እርሱ የጥንካሬ ሳይሆን የእምነት ጉዳይ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ግን በየመንገዳችን ሲመላለስ የኖረው ነው። ሰማያዊና ነጭ ቀለም ተቀብታ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የአዲስ አበባን ሰው ያመላለሰችው ላዳ የኢጣልያ ልጅ ናት። ፊያት በ1966 ከሶቪየት ኅብረት ጋር ተዋውሎ ፊያት 124 የተባለውን መኪናውን ሰጠ፤ በቶልያቲ ከተማ በ1970 መመረት ጀመረ። የሩስያ መሐንዲሶች የአገራቸውን መንገድ ያውቁ ነበርና እንዳለ አልተቀበሉትም። ከ800 በላይ ለውጥ አደረጉበት፤ ላሜራውን አወፈሩ፥ ከመሬት ከፍ አደረጉት፥ የኋላውን የዲስክ ፍሬን በከበሮ ፍሬን ለወጡት። ንድፉ ያው የቱሪን ንድፍ ነው፤ ጥንካሬው ግን ተጠይቆ፥ ተለክቶ፥ ተከፍሎበት የተጨመረ ነው። ራሱ ፊያትም ቢሆን ሲፈልግ ጠንካራ መሥራት ያውቅ ነበር፤ ሹፌሮቻችን «ኤንትሬ» የሚሉትን ፊያት 682 የጭነት መኪና ያየ ሰው ይህን አይጠራጠርም።

ስለ ብልሽትም አንድ ነገር ልጨምር። የኢጣልያ ሞተር «ይፈነዳል» ሲባል ብዙ ጊዜ የሚወራው ስለ ቺንጋ ነው። ፊያት ቫልቭ የሚያንቀሳቅሰውን ዘንግ በጥርሳም ቺንጋ ማዞር ከጀመሩት ቀደምት ፋብሪካዎች አንዱ ነው። ቺንጋው በጊዜው ካልተለወጠ ይበጠሳል፤ በብዙ ሞተሮችም ቫልቩ ከፒስተን ይጋጫል። የጀርመንም ቺንጋ ቢረሳ ይበጠሳል። ልዩነቱ የጀርመኑ ባለቤት ብዙ ገንዘብ አውጥቶ ስለ ገዛ መጽሐፉን አንብቦ በጊዜው ያስለውጣል፤ የርካሹ ፊያት ባለቤት ደግሞ ለአንድ ወር ብሎ ሁለት ዓመት ይነዳል። በመካኒኩ ዘንድማ አገር የሚባል ነገር የለም፤ የጀርመኑንም መኪና የሚፈታው በካቻቢቴ ነው፥ የሚጠግነውም ካምቢዮ፥ ፍሪሲዮንና ካንዴላ እያለ በኢጣልያንኛ ቃል ነው።

ጉዳዩ ዛሬ ይበልጥ ያስቸኩላል። ከ2024 ጀምሮ በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪኖች ወደ አገራችን እንዳይገቡ ተከልክሏል፤ ስለዚህ በእጃችን ያሉት የኢጣልያም የጀርመንም አሮጌዎች ገና ብዙ ዓመት መሥራት አለባቸው። ለምሕንድስና መምህራኖቻችን የማቀርበው ልመና ይኸው ነው፤ አንድ አሮጌ ላዳና አንድ አሮጌ ቮልስ ተገዝተው በተማሪዎች እጅ ጎን ለጎን ይፈቱ። የላሜራቸው ውፍረት ይለካ፤ ውሃ የሚቋጥርበት ቦታ ሁሉ ምልክት ይደረግበት፤ የትኛው ክፍል እዚሁ ሊሠራ እንደሚችል፥ የትኛው ከውጭ መምጣት እንዳለበት ተጽፎ በግድግዳ ላይ ይለጠፍ። የምግብ አዳራሹ ክርክር ከዚያ በኋላ ቢቀጥል ቁጥር ይዞ ይሁን።