የበርነር እሳት ጠባቂ ዓይንም እንደ ሚዛን ይመርመር

ነጋዴ ሱቁን ሲከፍት አስቀድሞ የሚመለከተው ሚዛኑን ነው። ሚዛን ቢያጎድል ደንበኛ ይሸሻል፤ አብልጦ ቢሰጥ ደግሞ የባለቤቱ ገንዘብ ይባክናል። ስለዚህ በታወቀ ክብደት ተፈትኖ ልኩ ሳይረጋገጥ አንድ ኪሎ ቡና እንኳ አይመዘንበትም። ይሁን እንጂ ለሚዛናቸው እንዲህ የሚጠነቀቁ ባለፋብሪካዎች ከሚዛን ይልቅ አደገኛ የሆነውን ሌላ መለኪያ ሳይመረምሩ ሲቀሩ ይታያል። ይኸውም በቦይለርና በምድጃ በርነር ላይ ተተክሎ እሳቱ መንደዱንና መጥፋቱን የሚያየው፣ ባለሙያዎች ፎቶሴል ወይም የነበልባል ሴንሰር የሚሉት ትንሽ ዓይን ነው።

ነገሩ ለድሬዳዋ እንግዳ አይደለም። ከተማይቱ የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ከደረሰላት ወዲህ የንግድ ብቻ ሳይሆን የፋብሪካም ከተማ ሆናለች። የሲሚንቶ ፋብሪካዋ በጣልያን ወረራ ዘመን የተተከለ ነው። በነሐሴ ወር 2014 ዓ.ም. ደግሞ ነጻ የንግድ ቀጣና ተከፍቶላታል። ፋብሪካ በበዛ ቁጥር እሳት ይበዛል፤ እሳት በበዛ ቁጥርም ጠባቂው ሊታሰብበት ይገባል።

የዓይኑ ሥራ በጥቂት ቃል የሚነገር ነው። ናፍጣው ተረጭቶ ሲቀጣጠል ዓይኑ የነበልባሉን ብርሃን አይቶ ደካማ የኤሌክትሪክ ምልክት ወደ መቆጣጠሪያው ሳጥን ይልካል። ምልክቱ ሲቋረጥ ሳጥኑ የናፍጣውን ቫልቭ ይዘጋል። ዓይኑ ሐሰት ተናግሮ እሳት ሳይኖር «አለ» ያለ እንደ ሆነ ግን ናፍጣው ወደ ጋለው ምድጃ መፍሰሱን ይቀጥላል፤ ከግለቱም የተነሣ ተንኖ ከአየር ጋር ይቀላቀላል፤ የጋለ ጡብ ወይም አዲስ ብልጭታ ባገኘው ጊዜም በአንድ ቅጽበት ይፈነዳል። በዚያ ሰዓት በቦይለሩ አጠገብ የሚገኘው ባለቤቱ ሳይሆን ተረኛው ሠራተኛ ነው።

ዕቃው ከተሠራበት አገር ተስተካክሎ መጥቷል የሚል መልስ ይሰጥ ይሆናል። ነገር ግን ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ከፍ ያለች በመሆኗ አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው 13 በመቶ ያህል የሳሳ ነው። ለባሕር ዳርቻ የተስተካከለው የበርነር ነፋስ እዚህ ናፍጣውን አሟልቶ ለማቃጠል ስለማይበቃ እሳቱ ጥቀርሻ ያወጣል፤ ጥቀርሻውም በዓይኑ መስተዋት ላይ ይለጠፋል። በዚህ ላይ አቧራውና የግንቦትና የሰኔ ሙቀት ይጨመሩበታል። ከእነዚህ ዓይኖች ብዙዎቹ ከ60 ዲግሪ በላይ ሙቀት እንዳይነካቸው በመመሪያቸው ተጽፎ ይገኛል። ስለዚህ ምርመራው መደረግ ያለበት ዕቃው በሚሠራበት ቦታና ሁኔታ ነው።

የምርመራው ሥርዓትም የሚያስቸግር አይደለም። አስቀድሞ መስተዋቱ በለስላሳ ጨርቅ ይጠረጋል፤ ሽቦውም ይታያል። ከዚያም የኤሌክትሪክ ባለሙያ በርነሩ በትንሹም በትልቁም እሳት እየሠራ ሳለ የምልክቱን ኀይል በማይክሮ አምፔር ለክቶ ከመመሪያው ጋር ያነጻጽረዋል። ቀጥሎ ዓይኑ ሲሸፈን ቫልቩ በስንት ሰከንድ እንደሚዘጋ በሰዓት ይቆጠራል። ይህ ጊዜ በብዙ የአውሮፓ በርነሮች 1 ሰከንድ ያህል ሲሆን በአሜሪካኖች ደንብ ከ4 ሰከንድ መብለጥ የለበትም። በመጨረሻም እሳቱ ሲጠፋ ዓይኑ የጋለውን ጡብ ነበልባል አድርጎ እንዳያይ ይፈተናል። የትብነት ማስተካከያ ባለው ዕቃ ላይ ሁለቱም ወገን መጠበቅ አለበት፤ ከመጠን በላይ የተሳለ ዓይን የሌለውን እሳት ያያል፤ የፈዘዘ ዓይን ደግሞ ያለውን እሳት አላየሁም ብሎ ሥራ ያስቆማል። ካሊብሬሽን የሚባለውም በእነዚህ በሁለቱ ስሕተቶች መካከል እውነተኛውን ልክ ማግኘት ነው።

ዋናው አደጋ የሚመጣው ከፈዘዘው ዓይን ነው ቢባል አንባቢ ይደነቅ ይሆናል። ዓይኑ በጥቀርሻ ፈዞ በርነሩን በየሰዓቱ ሲያስቆም ባለቤቱ ይቆጣል፤ «መቼ ይነሣል?» ይላል እንጂ «ለምን ቆመ?» ብሎ አይጠይቅም። ተግሣጽ የበዛበት ተረኛም ከዕለታት አንድ ቀን ሽቦውን በሽቦ አገናኝቶ ዓይኑን ከሥራ ውጭ ያደርገዋል፤ ወይም የእጅ ባትሪ አብርቶ በፊቱ ያስቀምጥለታል። ምርቱ ይቀጥላል፤ ባለቤቱም ደስ ይለዋል፤ ጠባቂው ግን ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ዕውር ሆኗል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛው የአደጋ መከላከያ መሣሪያን እንዳይነካካ ይከለክላል፤ አሠሪውንም የሠራተኛውን ደኅንነት እንዲጠብቅ ያስገድዳል። ስለዚህ ሽቦውን ያገናኘው እጅ የሠራተኛው ቢሆንም ያስገደደው ቁጣ የባለቤቱ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

የዕቃ ዋጋ መወደዱ እርግጥ ነው። ከሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. ወዲህ የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲወሰን በመደረጉ ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ በብር ሲታሰብ ከብዷል። ነገር ግን ውድነቱ ያለውን ዕቃ በጥንቃቄ ለመያዝ ምክንያት ይሆናል እንጂ ለመተው ምክንያት አይሆንም። መስተዋት ለመጥረግና ምልክት ለመለካት ዶላር አያስፈልግም። ኢንሹራንስም የጠፋውን ንብረት ይተካ ይሆናል፤ አባቱ ለሞተበት ልጅ ግን አባት አይተካለትም።

እንግዲህ እያንዳንዱ ፋብሪካ ለበርነሮቹ አንድ መዝገብ ቢከፍት፣ ቀኑን፣ የተለካውን ምልክት፣ ቫልቩ የተዘጋበትን ሰከንድና የመርማሪውን ፊርማ ቢያስጽፍበት መልካም ነው። ባለቤቱም የገንዘብ ሒሳቡን እንደሚያይ ሁሉ ይህን መዝገብ በየወሩ አይቶ ይፈርምበት። ለብቻቸው ባለሙያ መቅጠር የማይችሉ ትንንሽ ፋብሪካዎችና ዳቦ ቤቶች በንግድ ምክር ቤታቸው አማካይነት ተባብረው አንድ ባለሙያና አንድ ልኩ የተረጋገጠ መለኪያ በጋራ ቢይዙ ወጪው ለሁሉም ይቀላል። ከሁሉ በፊት ግን በርነር በቆመ ጊዜ ባለቤቱ ተረኛውን ከመቆጣት ይልቅ ምክንያቱን ይጠይቀው። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት እንዲህ ላለው ነገር ነው።