በኮምፒዩተር የሚጽፍ ሰው ስለ እጁ አንጓ ሊያውቀው የሚገባ

ዕንጨት የሚፈልጥ ወይም ድንጋይ የሚጠርብ ሰው እጄን አመመኝ ቢል ሁሉ ያምንለታል። ቀኑን ሙሉ በኮምፒዩተር ሲጽፍ የሚውል ግን አንጓውን ሲቈረጥመው «ተቀምጦ ለሚሠራ ምን ሕመም አለው?» ይባላል። ይሁን እንጂ ኢጣልያዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1713 ዓ.ም. ስለ ጸሐፊዎች ሕመም ባሳተመው ጽሑፍ፥ ዕድሜውን በመጻፍ የፈጀ አንድ ሰው ቀኝ ክንዱ ዝሎ እንደ ሰነፈበት፥ በግራው መጻፍ ቢለማመድም ብዙ ሳይቈይ ግራውም በዚያው ሕመም እንደ ተያዘ ይተርካል። ዛሬም ማውሱን ከቀኝ ወደ ግራ አዛውሮ «ተገላገልሁ» የሚል ሰው እጁን ለወጠ እንጂ ልማዱን አልለወጠም።

በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ደግሞ ድካሙ ይጨምርበታል። በተለመደው አጻጻፍ ከሳድሱ በቀር አብዛኛው ፊደል ሁለት ምት ይፈልጋልና፥ «ሰላም» የሚለው ባለ 3 ፊደል ቃል 5 ምት ይፈጃል።

በአንጓ ላይ፥ በመዳፍ በኩል፥ ከሥሩ አጥንት፥ ከላዩም መቀነት የመሰለ ጠንካራ ማሰሪያ ያለበት ጠባብ መተላለፊያ አለ። ጣቶችን የሚያጥፉ 9 ጅማቶችና አንድ ነርቭ በዚያ ተጨናንቀው ያልፋሉ። አንጓ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ታጥፎ ሲቈይ በውስጡ ያለው ግፊት ይበረታል። ስለዚህ ዋናው ነገር አንጓን ቀጥ አድርጎ መያዝ ነው። ወንበሩ ክንድ ከገበታው ጋር እኩል እስኪሆን ከፍ ይበል፤ እግር መሬት ካልደረሰ ከሥሩ አንድ ነገር ይደረግለት። ከኪቦርዱ ጀርባ ያሉት ሁለት ትንንሽ እግሮች ይታጠፉ፤ እነዚህ እግሮች ሲዘረጉ አንጓን ወደ ላይ ያጥፋሉ። ማውሱ ከአካል አይራቅ፤ አንጓም በገበታው ስለታም ጠርዝ ላይ አይደገፍ። በየግማሽ ሰዓቱም እጅን ከሥራ አንሥቶ ጥቂት ደቂቃ ማፍታታት ያስፈልጋል።

ከቢሮ ደክሞ የመጣ እጅ ማታ ልብስ ቢጨምቅ ወይም ቡና ቢወቅጥ ዐረፈ አይባልም። የቤቱ ሰዎች ይህን ሥራ ለጊዜው ቢከፋፈሉት ከብዙ ቅባት ይሻላል።

አውራ ጣት፥ ጠቋሚና መካከለኛ ጣት እየደነዘዙ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሱ ከሆነ ግን ነገሩ የጅማት ድካም ብቻ ሳይሆን የነርቭ መጨነቅ ሊሆን ይችላል። ይህም በኮምፒዩተር ብቻ የሚመጣ አይደለም፤ በእርግዝና፥ በስኳር በሽታና በእንቅርት ዕጢ መታወክም ይከሠታል። በዚህ ጊዜ ወጌሻ ጠርቶ ማሳሸት አይበጅም፤ የተጨነቀ ነርቭ ሌላ ጫና ሲታከልበት አይቀለውም። ሌሊት አንጓን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ድጋፍ ማሰር ብዙ ሰዎችን ይረዳል። መደንዘዙ ካልተወ፥ ብርጭቆም ከእጅ ማምለጥ ከጀመረ፥ ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው። ነርቩ ለረጅም ጊዜ ከተጨነቀ በአውራ ጣት ሥር ያለው ሥጋ ይከሳል፤ ከከሳም በኋላ ኃይሉ ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል። በጊዜው ለደረሰ ሕመምተኛ ግን ሐኪሙ አስፈላጊ ሆኖ ካገኘው ያን ማሰሪያ በቀላል ቀዶ ሕክምና ከፍቶ ነርቩን ያላቅቀዋል።