እግር የሚያቃጥል ሣር

በአሜሪካ ዩታ ግዛት የሚገኘው ብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ ሰው ሠራሽ ሣር ካስነጠፈ በኋላ፣ ከአሜሪካን ፉትቦል አሠልጣኞቹ አንዱ ጫማውን እንዳደረገ የውስጥ እግሩ ውኃ ቋጠረ። ነገሩ ያሳሰባቸው የዩኒቨርሲቲው ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2002 ቴርሞሜትር ይዘው ሜዳ ገቡ። ከጧት እስከ ማታ ሲለኩት የሰው ሠራሹ ሣር አማካይ ሙቀት 47 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሆነ፤ የአስፋልቱ 43፣ የተፈጥሮው ሣር ደግሞ 26። የአየሩ ሙቀት 37 ዲግሪ በደረሰበት ቀን ሜዳው እስከ 93 ዲግሪ ጋለ። በአዲስ አበባ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው።

ውኃም ረጩበት። ከ79 ዲግሪ ወደ 29 ወረደ። ደስታው ግን አልቆየም፤ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ወደ 49፣ በሃያ ደቂቃ ወደ 73 ተመለሰ። የጨዋታው አንድ አጋማሽ ሳያልቅ ሜዳው ምጣድ ሆኗል ማለት ነው።

ስለ ሰው ሠራሽ ሣር ጤና ጠንቅነት ሲነሳ ግን ሙቀቱን የሚጠቅስ ጥቂት ነው። ወላጁም ጋዜጠኛውም ቀድሞ የሚጠይቀው «ካንሰር ያመጣል ወይ?» ብሎ ነው። ጥያቄው ከባዶ አልመጣም። ከፕላስቲክ ክሮቹ ሥር የሚበተነው ጥቁር ፍርፋሪ ብዙውን ጊዜ ያረጀ የመኪና ጎማ ተፈጭቶ የተገኘ ነው፤ አንድ ሙሉ የእግር ኳስ ሜዳ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ጎማዎችን ይውጣል። ጎማ ውስጥ ደግሞ እርሳስና ዚንክ አለ፣ የካርቦን ጥቀርሻ አለ፣ ፒኤኤች የሚባሉት የኬሚካል ውሁዶችም አሉ፤ ከእነዚህ አንዳንዶቹ ካንሰር አምጪ መሆናቸው የታወቀ ነው።

ሥጋቱን ወደ አደባባይ ያወጣችው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የሴቶች እግር ኳስ ምክትል አሠልጣኝ ኤሚ ግሪፈን ናት። እ.ኤ.አ. በ2009 በካንሰር የታመሙ ሁለት በረኞችን ልትጠይቅ ሆስፒታል ሄዳ ሳለ፣ አንዲት ነርስ በዚያው ሳምንት ሌሎች በረኞችንም ማስተናገዷን ነገረቻት። ግሪፈን ስም መመዝገብ ጀመረች። እ.ኤ.አ. በ2014 የኤንቢሲ ቴሌቪዥን ታሪኩን ሲያቀርብ ከመዘገበቻቸው 38 ተጫዋቾች 34ቱ በረኞች ነበሩ። በረኛ ከማንም በላይ መሬት ላይ ይወድቃል። ፍርፋሪው አፉ ይገባል፣ በቆሰለ ክርኑ ይገባል፣ በካልሲው ቤት ድረስ ይከተለዋል። ዝርዝሩን ያየ ሁሉ ቢደነግጥ አይፈረድበትም።

የዋሽንግተን ግዛት ጤና መምሪያ ጉዳዩን መርምሮ እ.ኤ.አ. በጥር 2017 ባወጣው ሪፖርት፣ በእግር ኳስ ተጫዋቾቹ ላይ ከሚጠበቀው በላይ የካንሰር ቁጥር አላገኘም። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ተቋም በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ2024 ባሳተመው ስለዚሁ ፍርፋሪ የሠራው ጥናት ሁለተኛ ክፍል፣ ኬሚካሎቹ በፍርፋሪው ውስጥ ቢኖሩም ወደ ተጫዋቹ ሰውነት የሚገቡት በውስን መጠን እንደሚመስል ገልጿል፤ ጥናቱ የአደጋ ግምገማ እንዳልሆነም አክሏል። እንግዲህ «ጎማው ልጄን ካንሰር ያስይዝብኛል» የሚል ሰው እስካሁን ማስረጃ የለውም። «ምንም ችግር የለውም» ብሎ የሚሸጠውም ቢሆን ከተጻፈው በላይ እየተናገረ ነው።

የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ታሪክ ደግሞ ትዝብት ላይ የሚጥል ነው። በልጆች መጫወቻ የጎማ ክፍል ውስጥ ለእያንዳንዱ የተከለከለ ፒኤኤች የተፈቀደው ጣሪያ በኪሎ 0.5 ሚሊግራም ነው። የሜዳው ፍርፋሪ ግን በሕግ ዓይን «ድብልቅ» ስለሚባል፣ ለአብዛኞቹ ፒኤኤቾች በኪሎ እስከ 1,000 ሚሊግራም ይፈቀድለት ነበር። ልጁ አሻንጉሊቱን ሲጨብጥ የሚጠብቀው ሕግ፣ ሜዳ ላይ በሆዱ ሲንሸራተት ይተወው ነበር። ይህ የተስተካከለው እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2022 ጀምሮ ነው፤ አሁን ሕጉ የሚቆጣጠራቸው ስምንት ፒኤኤቾች ድምር በኪሎ ከ20 ሚሊግራም ማለፍ የለበትም። በ2023 ደግሞ ኅብረቱ ፍርፋሪው ከነአካቴው ከ2031 በኋላ ለገበያ እንዳይቀርብ ወሰነ። ምክንያቱ ካንሰር አይደለም፤ ዝናብና ታኬታ ከሜዳው እየጠረጉ ወደ አፈርና ወደ ወንዝ የሚያወጡት የማይክሮፕላስቲክ ብዛት ነው።

ጉዳቱስ? የአሜሪካን ፉትቦል ሊግ እ.ኤ.አ. ከ2012 እስከ 2016 ያደረጋቸው ጨዋታዎች ተጠንተው፣ በሰው ሠራሽ ሣር ላይ የእግር ጉዳት 16 በመቶ በልጦ ተገኝቷል። ታኬታው ሣሩን ሲይዝ የተፈጥሮው ተነቅሎ ይለቃል፤ ሰው ሠራሹ አይለቅም፣ ጫናውን ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ይሸከመዋል። የቆዳው መላጥም አለ። እ.ኤ.አ. በ2003 ከአሜሪካን ፉትቦል ቡድኑ ሴንት ሉዊስ ራምስ 58 ተጫዋቾች አምስቱ መድኃኒት በተላመደ ባክቴሪያ ሲያዙ፣ ኢንፌክሽኑ የጀመረው ሁሉም ጋ ሣሩ በላጠው ቦታ ላይ ነበር።

በአዲስ አበባም ባለፉት ዓመታት በየሰፈሩ አረንጓዴ ሜዳዎች ተነጥፈዋል። በክረምት ጭቃ፣ በበጋ አቧራ ሲቅሙ ላደጉ ልጆች ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ የተፈጥሮ ሣር ውኃና ዕረፍት ይፈልጋል፣ ከጧት እስከ ማታ የሚረግጠውን የሰፈር ልጅ ሁሉ አይችልም። ስለዚህ የዚህ ዓምድ ጸሐፊ «ይነቀል» የሚል ወገን አይደለም። ከተማዋ የቀን ሙቀቷ መካከለኛ ቢሆንም ከፍታዋ ፀሐዩን ያከብደዋል። እንደ ድሬዳዋና ሰመራ ባሉ ቆላማ ከተሞች ሲነጠፍ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው።

ሜዳ የሚያሠሩ ክፍለ ከተሞችና ትምህርት ቤቶች ውል ከመፈራረማቸው በፊት ሦስት ነገር ይጠይቁ። ፍርፋሪው ከምን ተሠራ፣ የፒኤኤች ምርመራ ወረቀቱስ የት አለ? በጎማ ፈንታ የቡሽ ፍርፋሪ ማስገባት ይቻላል ወይ? ጥላና የመታጠቢያ ውኃ የሚኖረው የት ነው? ወላጆች ደግሞ ልጃችሁ ሲመለስ ጫማውን ደጅ ያራግፍ፣ ከመብላቱ በፊት ይታጠብ፣ የተላጠ ጉልበቱ በሳሙና ይጽዳ። የሜዳው ኃላፊ ቴርሞሜትር ገዝቶ ሣሩ ላይ ያኑር፤ 49 ዲግሪ ሲያልፍ ልጆቹን ያስወጣ። የዩታው ዩኒቨርሲቲ ያኔ የወሰነው ጣሪያ ይኸው ነው።