አሮጌው ካሜራ ይቆይ ወይስ ይለወጥ?

ካኖን 700ዲ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ዛሬም ከብዙ አማተር ፎቶ አንሺዎች እጅ አልወጣም። ባለቤቶቹ ግን እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣውን ካኖን አር10ን የመሰሉ፣ ሚረርለስ የሚባሉ መስታወት አልባ ካሜራዎችን እያዩ ልባቸው ይከፈላል። ፎቶ እንጀራው ላልሆነ፣ ለፍቅሩ ብቻ ለሚያነሳ ሰው መለወጡ ያዋጣል? ሁለት ጸሐፊዎች ይሟገታሉ።

ያለው ይበቃል

አዲስ ካሜራ የሚያምረን አብዛኛውን ጊዜ የሌንሱን ጥፋት በካሜራው ላይ ስለምናላክክ ነው። ከ700ዲ ጋር አብሮ የሚሸጠው 18-55 ሌንስ 55 ላይ ሲደርስ ቀዳዳው ከኤፍ 5.6 በላይ አይከፈትም። የጥምቀት ዕለት ገና ሳይነጋ ጃን ሜዳ ተገኝቶ ካህናቱ ሲያሸበሽቡ ለማንሳት የሞከረ ሰው ጣጣውን ያውቀዋል። አይኤስኦው 6400 ይደርሳል፤ ነጩ ጥምጥም ላይ ኖይዙ ቀይና ሰማያዊ ነጠብጣብ ሆኖ ይወጣል። በዚያው ካሜራ ላይ ባለ ኤፍ 1.8 የ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ቢገጠም ግን የሚገባው ብርሃን ወደ 10 እጥፍ ይጠጋል፤ አይኤስኦውም ወደ 800 ገደማ ይወርዳል።

ሜጋፒክስልም ያታልላል። ከ18 ወደ 24 መውጣት ትልቅ ዕድገት ይመስላል። የፎቶው ወርድ ግን ከ5184 ወደ 6000 ፒክስል ቢያድግ ነው፤ 16 በመቶ ገደማ ብቻ። 18 ሜጋፒክስል ኤ3 ወረቀት ላይ ጥርት ብሎ ይታተማል። ከዚያ የሚበልጥ ፎቶ አሳትሞ የሚሰቅል አማተር ጥቂት ነው።

ዋጋውም ሊታሰብበት ይገባል። ካሜራ የሚገባው በውጭ ምንዛሪ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲተው፣ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ለአዲስ ካሜራ የሚከፈለው ገንዘብ ሌንሱን ገዝቶ፣ ሐረር ድረስ ሄዶ የጁገልን ጠባብ መንገዶች ረጋ ብሎ ለማንሳት ይተርፋል። ፎቶን የሚያሳድገው ይህ ነው።

ይለወጥ

እህቴ ስለ ሌንሱ የተናገረችው እውነት ነው፤ ነገሩን ግን እመንገድ ላይ ተወችው። በዚያ ሌንስ ኤፍ 1.8 ላይ፣ ከአንድ ሜትር ተኩል ርቀት ሰው ሲነሳ፣ ጠርቶ የሚወጣው 6 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ዓይን ሲጠራ ጆሮ ይደበዝዛል። 700ዲ ደግሞ ፎከስ የሚይዝባቸው ነጥቦች 9 ብቻ ናቸው፤ እነሱም መሀል አካባቢ ተሰባስበዋል። እስክስታ የምትወርድ ልጅን በዚህ ተከታትሎ ዓይኗን መያዝ የዕድል ጉዳይ ነው። ፎከሱ ከደረቷ መስቀል ላይ ያርፍና ፊቷ ይደበዝዛል። አር10 ዓይንን ራሱ ለይቶ እስከ ፎቶው ጠርዝ ድረስ ይከተላል። 700ዲ በሰከንድ 5 ፎቶ ሲያነሳ፣ እሱ በመደበኛ መዝጊያው 15 ያነሳል።

ሌላው ጸጥታው ነው። በቅዳሴ መሀል የመስታወቱ ቀጭታ ጸሎተኛን ይረብሻል። ሚረርለስ በኤሌክትሮኒክ መዝጊያው ድምፅ ሳያሰማ ያነሳል። በመመልከቻው የሚታየውም ፎቶው ሊሆን ያለው ስለሆነ፣ ጀማሪው ብርሃኑ መብዛት ማነሱን ከመጫኑ በፊት ያያል። ትምህርቱ ይፈጥንለታል። ነባር ሌንሶችም አይጣሉም፤ እህቴ የመከረችው ጭምር በአዳፕተር ይገጠማሉ።

የመጀመሪያዋ ጸሐፊ መልስ

ድምፅ አልባው መዝጊያ በኤልኢዲ መብራት ስር ፎቶው ላይ ግርፋት ሊያወጣ ይችላል። ስለዚህ ለጸጥታው ብሎ የገዛ ሰው በብዙ አዳራሽ ውስጥ አይጠቀምበትም። ኖይዝን በተመለከተ፣ ላይትሩም የተባለው የፎቶ ማረሚያ ሶፍትዌር እ.ኤ.አ. በ2023 ያስገባው ማጽጃ በሮው የተነሳን የ700ዲ ፎቶም ያጠራል። ፎከሱንም ልምምድ ያሻሽለዋል። የመሀሉን ነጥብ ብቻ መርጣችሁ፣ ቀዳዳውን ወደ ኤፍ 2.8 አጥብባችሁ፣ ተከታታይ ፎከስ ተጠቀሙ። ይህን ሳትሞክሩ ገንዘብ አታውጡ።

የሁለተኛው ጸሐፊ መልስ

ሶፍትዌር ኖይዝ ያጠፋል፤ ፎከስ የሳተን ዓይን ግን አይመልስም። መሀሉን ነጥብ ብቻ የሚጠቀም ሰውም የሚያነሳውን ሁሉ መሀል ላይ ለማዋል ይገደዳል፤ ቅንብሩ ይታሰራል። ካኖንም ሆነ ኒኮን ፊታቸውን ወደ ሚረርለስ ካዞሩ ዓመታት አልፈዋል፤ አዳዲስ ሌንሶቻቸውም የሚሠሩት ለእሱ ነው።

አንባቢያን ሆይ፣ ያለፈውን ዓመት ፎቶዎቻችሁን ክፈቱና የተበላሹትን ለዩ። ሁሉም ነገር የተንቀጠቀጠ ወይም ኖይዝ የበዛበት ከሆነ የእህቴን ሌንስ ግዙ። ከኋላ ያለው ግድግዳ ጠርቶ የሰውየው ዓይን የደበዘዘ ከሆነ ግን ካሜራችሁን ለውጡ።