ዳገቱን ከአሰልጣኝዎ ጋር ይልመዱት

ይድረስ መሪ ለመጨበጥ ላሰቡ የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ልጆች፦

መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ባሕር ዳር ለመውረድ እንደቆረጡ አውቃለሁ። መልካም አድርገዋል። ከተማዋ ጣና ዳር የተዘረጋች ሜዳ ናትና ለጀማሪ እግር ትመቻለች። ግን ልጠይቅዎ፦ ነገ የሚነዱት የት ነው? ከወረታ የሚነሳው መንገድ የፎገራን ሜዳ እንደለቀቀ ወደ ደብረ ታቦር ይወጣል፤ ክምር ድንጋይን ይዞ፣ በጉና ተራራ ሥር አልፎ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ወዳለችው ነፋስ መውጫ ይዘልቃል።

«መጀመሪያ ፈተናውን ልለፍ፣ ዳገቱ በኋላ ይለመዳል» ይሉኝ ይሆናል። በአዋጅ ቁጥር 1074/2010 የሚሰጠው ፈቃድ የሚለየው በተሽከርካሪው ዓይነት ነው እንጂ በመንገዱ አቀማመጥ አይደለም። ሜዳ ላይ ተለማምደው ያወጡት ወረቀት ጉና ሥርም ያስነዳዎታል። ያኔ ግን አሰልጣኙ ከጎንዎ የለም፤ ከኋላዎ ያሉት ተሳፋሪዎች ናቸው።

«ታዲያ ከቁልቁለት ልጀምር?» የለም፣ የኔ ጌታ፤ የለም፣ እመቤቴ። እጅዎ መሪውንና ማርሹን እስኪለምድ ሜዳው ይበቃል። ቀጥሎ ወደ ደብረ ታቦር ይውጡና ጠዋት፣ ባጃጁ ሳይበዛ፣ በከተማዋ የውስጥ መንገድ አጭር ዳገት ያስመርጡ። መሀል ላይ ይቁሙ፣ የእጅ ፍሬን ይያዙ፣ የሞተሩ ድምፅ እስኪከብድ ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርገው ይልቀቁ፣ ከዚያ የእጅ ፍሬኑን ለቀው ይነሡ። መኪናው ወደኋላ መንሸራተቱን እስኪተው ይደጋግሙት። የገበያ ቀን ግን ለጊዜው ይቅርብዎ፤ አህያው፣ በጉና ባለሸክሙ መንገድ የሚጋሩት ከለማጅ ጋር መሆኑን አያውቁም።

ቁልቁለቱን ለብቻው ይለማመዱት። «ነዳጅ ለመቆጠብ በፎሌ ይለቀቃል» የሚል ምክር ልምድ ካላቸው ነጂዎች ሳይቀር ይሰማሉ፤ እባክዎ አይቀበሉት። በፎሌ የለቀቁትን መኪና ሞተሩ አይይዘውም፤ ክብደቱ በሙሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል፤ ፍሬን ደግሞ ሲግል ይደክማል። ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሽ ይቀንሱ፤ የወጡበት ማርሽ ለመውረጃም ይሆናል። ክረምት ላይ ጉም ሲወርድ ፍጥነትዎን ከዚያም ይቀንሱ።

«መንገዱን የሚመርጠው አሰልጣኙ ነው» ማለትዎም እውነት ነው። ቢሆንም ከፋዩ እርስዎ ነዎት፤ በትሕትና ይጠይቁት። ሰው ያየኛል ብለውም አይፈሩ፤ ዳገት ላይ ሞተር ያልጠፋበት ነጂ የለም።

ስለዚህ ከመመዝገብዎ በፊት አንድ ጥያቄ ብቻ ያንሱልኝ፦ «ዳገትና ቁልቁለት ያለበት መንገድ ላይ ታሠለጥኑኛላችሁ?» አይሆንም ካሉዎት ሌላ ማሰልጠኛ ይፈልጉ።