የአዘጋጁ ማስታወሻ፦ ስለ አሻንጉሊቶቹ ፊልም

በዚህ እትም በሰፊው የምንተርከው፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በኖቬምበር 1995 በአሜሪካ ለሕዝብ ስለታየውና ከመነሻው እስከ ፍጻሜው በኮምፒዩተር በመሠራት ከረጃጅም ፊልሞች ሁሉ ቀዳሚ ስለሆነው ስለ «ቶይ ስቶሪ» አሠራር ነው።

የካሊፎርኒያው የፊልም ድርጅት ፒክሳርና ዋና አዘጋጁ ጆን ላሴተር አሻንጉሊቶችን ባለታሪክ ያደረጓቸው ሕፃናትን ለማስደሰት ብቻ ሳይሆን፣ የዘመኑ መሣሪያ የሰውን ቆዳና ጠጕር አስመስሎ ለመሣል ገና እየተሳነው፣ የፕላስቲክን ልሙጥ ገላ ግን አሳምሮ ያወጣ ስለነበረ ጭምር ነው፤ የአሻንጉሊቶቹን ባለቤት፣ ልጁን አንዲን፣ ልብ ብሎ የተመለከተም ከመጫወቻዎቹ ይልቅ ግዑዝ የሚመስለው እርሱ መሆኑን ያስተውላል። ከ110,000 የሚበልጡትን ሥዕሎች ለማውጣት ከ100 በላይ ኮምፒዩተሮች ሌሊትና ቀን ሠርተዋል፤ አንዳንዱ ሥዕል ብቻውን ብዙ ሰዓት ይፈጅ ነበር።

እኔን ግን ከመሣሪያው ኃይል ይልቅ የሚያስደንቀኝ፣ በ1993 መገባደጃ ረቂቁ ለፊልሙ አከፋፋይ ለዲዝኒ ሹማምንት በታየ ጊዜ የሆነው ነገር ነው፤ ዉዲ፣ ያ ባለ ባርኔጣው አሻንጉሊት፣ ባልንጀሮቹን የሚያዋርድ ምላሰኛና ምቀኛ ሆኖ በመገኘቱ ሥራው እንዲቋረጥ ተደረገ፤ ደራስያኑም (ምስጋና ለትዕግሥታቸው ይሁንና) ቅናቱን ሳያጠፉለት፣ ተመልካች የሚራራለት ጠባይ ሰጥተው ድርሰቱን እንደ አዲስ ጻፉት። ስለዚህ ፊልሙን ያዳነው ብዕር እንጂ ኮምፒዩተር አይደለም ባይ ነኝ፤ የተለየ አስተያየት ያላችሁ አንባብያን ብትጽፉልን በሚቀጥለው እትም በደስታ እናወጣዋለን።