እባቡን ለቀቅ አድርጉት

ዛሬ ፖለቲካውን ገታ አድርጌ ስለ እባብ ልጽፍ ነው። «ኑሮው እንዲህ እሳት በሆነበት ሰዓት እባብ ምን ያደርግልናል?» የምትሉኝ አትጠፉም። እሱንም እመልሳለሁ፤ ታገሱኝ።

ቲክቶክና ዩቲዩብ ላይ በየቀኑ የሚመላለሱትን ቪዲዮዎች ሳታዩ አልቀራችሁም። አንድ ጎረምሳ የመስታወት ሳጥን ይከፍትና እጁን ከላይ ወደ ታች ይሰዳል። እባቡ አንገቱን አጣጥፎ በኃይል ይተነፍሳል፤ ከዚያ ይወረወራል። ልጁ ይስቃል፣ ካሜራ የያዘውም ይስቃል፣ «ክፉው እባቤ» የሚል ርዕስ ይለጠፍበትና ሚሊዮን ሰው ያየዋል። ቀጥሎ አዋቂ ነኝ ባዩ ይመጣል። ምክሩ አጭር ነው፤ «አለቃው ማን እንደሆነ አሳየው፤ እስኪደክመው ድረስ ጨብጠህ ያዘው፤ ነገም ድገመው።» የምጽፈው ይህን ምክር ለመቃወም ነው። ምክሩ ጭካኔ ነው፤ ጭካኔ ብቻ ሳይሆን አለማወቅም ነው።

በአሜሪካና በአውሮፓ ቤቶች በብዛት የሚገኘው ቦል ፓይተን የሚባለው ትንሽ ዘንዶ ነው። መርዝ የለውም። ሲያድግ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሜትር እስከ አንድ ሜትር ተኩል ነው። «ቦል» የተባለው ሲፈራ ጭንቅላቱን መሐል ደብቆ እንደ ኳስ ስለሚጠቀለል ነው፤ ፈሪነቱ ከስሙ ላይ ተጽፏል ማለት ነው። አገሩ ምዕራብና መካከለኛው አፍሪካ ነው። ከጋና፣ ከቶጎና ከቤኒን በየዓመቱ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወደ ውጭ ሲላኩ ኖረዋል፤ ብዙዎቹ ያረገዙ እናቶች ከጫካ ተይዘው፣ እንቁላላቸው ተፈልፍሎ የተሸጡ ጫጩቶች ናቸው። እዚያው ቤኒን ውስጥ ዊዳ በምትባል ከተማ ይኸው እባብ የራሱ ቤተ መቅደስ አለው፤ ሰው ቤቱ ገብቶ ካገኘው በክብር አንስቶ ይመልሰዋል። በአውሮፕላን ከወጣ በኋላ ግን የሚጠብቀው የጎረምሳ ሳቅ ነው።

ለመሆኑ ሳጥኑ ውስጥ ለምን ይወረወራል? እባብ ሜዳ ላይ ስታገኙት ምርጫ አለው፤ አብዛኛውን ጊዜ ሹልክ ብሎ ይሄዳል። ሳጥኑ ውስጥ መሄጃ የለም። አራቱም ግድግዳ መስታወት ነው፤ ከላይ ደግሞ የሞቀ ነገር ይወርድበታል። ዱር ውስጥ ከላይ የሚመጣበት ጭልፊት ነው። ቦል ፓይተን ከንፈሩ ላይ ሙቀት የሚለይባቸው ጉድጓዶች ስላሉት እጃችሁ ለእሱ በጨለማ የሚንቀሳቀስ ፍም ነው። እኛ «እባብ ያየ በልጥ በረየ» እንላለን፤ እዚህ ላይ በልጡ የሚበረግገው ራሱ እባቡ ነው።

አለቃ የሚለው ሐሳብ ከውሻ የተቀዳ ነው። ውሻ በቡድን የሚኖር ፍጡር ስለሆነ ማንን እንደሚከተል ያውቃል። ቦል ፓይተን ግን ለብቻው የሚኖር ነው፤ የሚታዘዘውም የሚያዘውም የለም። ተጨብጦ ተጨብጦ መወርወሩን ያቆመ እባብ አለቃውን አላወቀም፤ ተስፋ ቆርጧል። ባለቤቱ «ለመደኝ» ይላል። እባቡ ግን ከዚያ በኋላ መብላት ያቆማል፤ የዚህ ዝርያ እባብ ደግሞ ሲጨነቅ ለወራት አልበላም ማለት ይችላል።

አንድ ክርክር ግን አለ፤ እሱን ማለፍ አልፈልግም። «በተወረወረ ቁጥር እጅህን ከሰበሰብክ፣ መወርወር እንደሚያዋጣ ይማራል» ይላሉ። እውነት አለበት። ነገር ግን መልሱ ግትር ብሎ መያዝ አይደለም፤ እስኪወረወር ድረስ አለማድረስ ነው። አንገቱን እንደ ኤስ ፊደል ካጣጠፈና ከተነፈሰ ዛሬ ቀኑ አይደለም፤ ክዳኑን ቀስ ብሎ መግጠም ነው። ምላሱን እያወጣ ዘና ብሎ ከተንቀሳቀሰ በረጅም ዘንግ ወይም በተጠቀለለ ወረቀት ገላውን መሐሉ ላይ ቀስ አድርጎ መንካት ይቻላል። ይህ ንክኪ «ምግብ አልመጣም» የሚል መልእክት ነው። ከዚያ ከላይ ሳይሆን ከጎን፣ ከጭንቅላቱ ርቆ፣ በሁለት እጅ ገላውን ደግፎ ማንሳት። አምስት ወይም አሥር ደቂቃ ይበቃል። አንስቶ መልሶ መጣል ግን አይሆንም።

ፍርሃትና ረሃብ ደግሞ ይለያያሉ። የፈራ እባብ መትቶ ይለቃል፤ የራበው ነክሶ ይዞ ይጠመጠማል። አይጥ የነካ እጃቸውን ሳይታጠቡ ሳጥን የሚከፍቱ ሰዎች ናቸው «ክፉ ነው» ብለው የሚያለቅሱት። ለመመገብ ወደ ሌላ ሳጥን ማዛወር ይሻላል የሚለው የድሮ ምክርም ብዙ አያስኬድም፤ የራበውን እባብ በእጅ አንስቶ ማጓጓዝ ንክሻን መጋበዝ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ሳጥኑን ማየት ነው። የሚደበቅበት አለው? አንድ በሞቃቱ ጥግ፣ አንድ በቀዝቃዛው? ሙቀቱ በአንዱ በኩል ወደ 31 ወይም 32፣ በሌላው ከ25 እስከ 27 ዲግሪ ነው? ሳጥኑ የተቀመጠው ከቴሌቪዥኑና ከበሩ አጠገብ ከሆነ ቀኑን ሙሉ ንዝረት ሲመታው ይውላል። አዲስ ከገባ ቢያንስ አንድ ሁለት ሳምንት አለመንካት፤ ከበላ ሁለት ቀን አለመንካት፤ ቆዳ ሊቀይር ዓይኑ ደመና ሲለብስ ፈጽሞ አለመንካት፣ ያኔ በቅጡ አያይምና። እነዚህ ሲስተካከሉ «ክፉ» ከተባሉት ውስጥ አብዛኛዎቹ ዝም ብለው ይለወጣሉ።

ጥፋቱን ሁሉ በጎረምሳው ላይ አልጭንም። «ለጀማሪ የሚሆን» ብሎ የሚሸጥለት ነጋዴ አለ። ይህ እንስሳ በደህና ከተያዘ 20 እና 30 ዓመት እንደሚኖር ስንቱ ሱቅ ይናገራል? በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ የእንስሳት ማቆያ ውስጥ ያለች አንዲት ቦል ፓይተን በ2020 እንቁላል ስትጥል ዕድሜዋ ከ60 በላይ እንደሚሆን ተገምቷል። የ15 ዓመት ልጅ ሲገዛት ጡረታው ድረስ አብራው ልትኖር ትችላለች ማለት ነው። የሰለቻቸው ሰዎች ምን እንደሚያደርጉ ደግሞ ፍሎሪዳ ምስክር ናት። ከቤትና ከማራቢያ ያመለጡና የተለቀቁ የበርማ ዘንዶዎች ኤቨርግሌድስን ወረሩት፤ አሜሪካ ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ የከለከለችው በ2012፣ ውሃው ካለፈ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄያችሁ። ለእኛ ምን ይጠቅመናል? ቨርጂኒያና ሚኒሶታ ያላችሁ ወላጆች ልጃችሁ «እባብ ግዙልኝ» ያለ ቀን ይጠቅማችኋል። አገር ቤት ደግሞ ነገሩ ከመዝናኛ ያለፈ ነው። በመተማና በሁመራ ማሳ ሰሊጥ የሚያጭዱ የቀን ሠራተኞች በመርዛማ እባብ ይነደፋሉ፤ አብደራፊ ላይ ድንበር የለሽ ሐኪሞች ሲያክሟቸው ኖረዋል። ፋቭ አፍሪክ የሚባለውን ማርከሻ የሚያመርተው ሳኖፊ ማምረቱን አቁሞ፣ የመጨረሻው ክምችት ጊዜው ያለፈው በ2016 ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የእባብ ንድፊያን ችላ ከተባሉ በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ያስገባው በ2017። ለእነዚያ ሠራተኞች «እባብ ክፉ ነው፣ ግደለው» ከማለት ይልቅ፣ እባብ የሚናደፈው ሲረገጥና ሲከበብ እንደሆነ ነግሮ ቦት ጫማ፣ የእጅ ባትሪና ከመሬት ከፍ ያለ መኝታ ማቅረብ የአሠሪዎቹ ግዴታ ሊሆን ይገባ ነበር። ዱላ ይዞ ሊገድል ሲጠጋ የተነደፈ ሰው ታሪክ ያላችሁ ከታች ጻፉልኝ፤ በሚቀጥለው ጽሑፌ እመለስበታለሁ። የሚወረወር እባብ ቪዲዮ ግን እባካችሁ አትላኩልኝ።